የጀርመን ዘራቸውን ለሚፈልጉ፦ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ መዝገብ እና ስለ ወለተ ኢየሱስ



ጀርመን አገር የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የባለቤቴ ወገኖች ጀርመኖች ናቸው፤ ልጆቻችን አያት ቅድመ አያታቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ከየት እንጀምር? ምንስ እናንብብ?» እዚሁ አገር ቤት ሆናችሁም «ቅድመ አያታችን ጀርመናዊ ነበር ይባላል» የምትሉ አላችሁ። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፍ ከመጠቆሜ በፊት አንድ ቤተሰብ ላስተዋውቃችሁ። ዘር ፍለጋ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ሁሉ በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አለ።

ፒተር ኡስቲኖቭን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። «ኩዎ ቫዲስ» በሚለው ፊልም ኔሮንን ሆኖ የተጫወተው፣ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው፣ በኋላም የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር የነበረው እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። በ1921 ለንደን ተወልዶ በ2004 አረፈ። አባቱ ዮና ፎን ኡስቲኖቭ ግን የጀርመን ዜጋ ነበር። በ1892 ያፋ ተወለደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለጀርመን ተዋጋ። የዮና እናት ማግዳሌና ሆል ትባላለች። ማግዳሌና የተወለደችው በ1868 እዚህ እኛው አገር ነው።

እንዴት ሆነ? ታሪኩ ወደ ጋፋት ይወስደናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ እንደነበር በትምህርት ቤት ተምረናል። ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ጀርመኖችና ስዊሶች ነበሩ። ከእነሱ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ደግሞ ሞሪትዝ ሆል ይባላል። ከክራኮቭ የመጣ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ፣ በኋላ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነው። ሆል ያገባት ሴት ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው።

ወለተ ኢየሱስ ማን ናት? አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። በ1813 አንሃልት በሚባለው ግዛት ተወለደ፤ በ1840ዎቹ አገራችን ገብቶ መጀመሪያ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን አገለገለ። ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ ሲሸነፉ ለቴዎድሮስ ሠራ። እናቷ ደግሞ በጽሑፎች «ኢሴተ ወርቅ» እየተባለች የምትጠቀስ የጎንደር ወይዘሮ ናት። እንግዲህ የፒተር ኡስቲኖቭ የጀርመን ዘር በአንድ በኩል የሚያልፈው በጎንደር ነው ማለት ነው! ከመቅደላ በኋላ የሆል ቤተሰብ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር አገሩን ለቆ ወጣ፤ በኋላም ያፋ ላይ ኑሮውን መሠረተ። እዚያ ማግዳሌና አድጋ ባሮን ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የተባለውን የሩሲያ መኳንንት ተወላጅ አገባች። እሱም ፕሮቴስታንት ሆኖ የጀርመኗን የቩርተምበርግ ዜግነት የወሰደ ሰው ነበር።

አሁን ልብ በሉ። የባሮኑ ስም በሁሉም ቦታ ተጽፏል። የመድፍ ሠሪው ስምም አለ። ወለተ ኢየሱስስ? ውጭ አገር ስትወጣ ካታሪና ሆል ተባለች። ስለ ኡስቲኖቭ በወጡ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ የቀረችው ስሟ ሳይሆን «የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ደም አለበት» የሚል ወሬ ነው። ልዕልት ስትባል ታምራለች፤ ስሟን የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ትክክለኛውን ታሪክ ለማውጣት የጀርመን መዝገብና የአገራችንን ታሪክ ጎን ለጎን የሚያነቡ ሰዎች አስፈለጉ። በዚህ ረገድ የጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ የቮልበርት ስሚት ሥራ የሚመሰገን ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ መዝገብ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ባሮን አለን ወይ?» ብላችሁ ከሄዳችሁ ባሮን ታገኛላችሁ። «እናቲቱ ማን ናት?» ካላችሁ ደግሞ ወለተ ኢየሱስ ትወጣለች።

እሺ፣ ወደ ተግባሩ እንግባ።

አንደኛ፣ ከሽማግሌዎች ጀምሩ። በሕይወት ያሉትን አያቶች ስም፣ የትውልድ ቦታና ሃይማኖት ጠይቃችሁ ጻፉ። ሃይማኖቱ ለምን? ጀርመን አገር የቆየው መዝገብ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ የመንደሩን ስም ፈልጉ። «ከባቫሪያ ነው የመጣው» ማለት «ከጎጃም ነው» እንደማለት ነው፤ የትኛው አጥቢያ እንደሆነ ካልታወቀ ፍለጋው አይሄድም። ሁሉም ነገር የተሰበሰበበት አንድ ማዕከል የለም።

ሦስተኛ፣ ዘመኑን ለዩ። መንግሥት በመላው ጀርመን ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1876 ነው። ይህ መዝገብ ለሁሉም ክፍት የሚሆነው ልደት ከ110፣ ጋብቻ ከ80፣ ሞት ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ለማግኘት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ማየት ግድ ነው። የፕሮቴስታንቶቹን በኢንተርኔት «አርኪዮን» ላይ በክፍያ፣ የካቶሊኮቹን ብዙ ክፍል ደግሞ «ማትሪኩላ» ላይ በነፃ ታገኛላችሁ። ወደ አሜሪካ የተሰደደ ዘመድ ካላችሁ ከ1850 እስከ 1934 ከሐምቡርግ በመርከብ የወጡ መንገደኞች ዝርዝር አለ።

አራተኛ፣ ጽሕፈቱን ተለማመዱ። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት «ኩረንት» ይባላል። ዛሬ ጀርመኖቹ ራሳቸው ማንበብ ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ተስፋ አትቁረጡ። የብራና ጽሕፈት ማንበብን የተማረ ሰው እንዴት እንደሚለመድ ያውቀዋል፤ ፊደሉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጻፍ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን የመዝገቡን ሌላ ፊት ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ዛሬ በደስታ የምናገላብጠውን ያንኑ የጥምቀት መዝገብ ናዚዎች ሰው ለመለየት ተጠቀሙበት። በ1933 በወጣው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ «አሪያን» መሆኑን ማስረጃ አቅርቦ እንዲያረጋግጥ ተገደደ። ከአያቶቹ አንዱ እንኳ አይሁዳዊ ከሆነ ከሥራ ለመባረር ይበቃ ነበር። ሰዉ በየአጥቢያው የአያቶቹን የጥምቀት ወረቀት ለማውጣት ተሰለፈ። ቄሱ የሚሰጠው ወረቀት የአንዱ እንጀራ፣ የሌላው ሞት ሆነ።

ዮና ፎን ኡስቲኖቭ ያን ጊዜ ለንደን በጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ኃላፊ ነበር። የእናቱ አባት ማን ነበር? ያ ከክራኮቭ የመጣው ሞሪትዝ ሆል! ዘርህን አስመስክር ሲባል እምቢ አለ፤ በ1935 ከኤምባሲው ወጣ፤ የብሪታንያ ዜግነት ወስዶ ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ሠራ። ጋፋት ላይ የተመሠረተ ጋብቻ ሰባ ዓመት ቆይቶ ለንደን ላይ የአንድን ሰው ዕጣ ወሰነ። ታሪክ አለፈ የምንለው ለዚህ ነው እንዴ?

አሁን መጻሕፍቱ።

የኡስቲኖቭ ግለ ታሪክ «ዲር ሚ» በ1977 የወጣ ነው፤ በሳቅ ይገድላል፤ ተዋናይ የጻፈው መሆኑን ግን አትርሱ። እናቱ ናድያ ቤንዋ ስለ ባሏ ስለ ዮና የጻፈችውም መጽሐፍ አለ፤ ሁለቱን አስተያይታችሁ አንብቡ። ስለ ጋፋት ደግሞ እዚያው የነበረው የስዊሱ የቫልድማየር ግለ ታሪክ በ1886 በእንግሊዝኛ ታትሟል። የዘመኑን አጠቃላይ ሁኔታ ለመረዳት የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ስሞችን ለማጣራት ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣውን «ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ» ተመልከቱ። ሐምቡርግ ላይ የተዘጋጀ ነው።

ሌሎች ሁለት መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ጋር አይገናኙም፤ ነገር ግን ጀርመን ዘር ያለው ልጅ ለምታሳድጉ አስፈላጊ ናቸው። የኖራ ክሩግ «ሃይማት» በሥዕል የተተረከ ነው፤ ደራሲዋ ወገኖቿ በናዚ ዘመን ምን ይሠሩ እንደነበር ቤት ለቤት፣ ማኅደር ለማኅደር ትፈልጋለች። የጄኒፈር ቴገ መጽሐፍ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ጄኒፈር አባቷ ናይጄሪያዊ፣ እናቷ ጀርመናዊት ናት፤ ያደገችውም በጉዲፈቻ ነው። በ38 ዓመቷ ሐምቡርግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ታነሳለች፤ ስለ ገዛ እናቷ የተጻፈ ሆኖ ታገኘዋለች። አያቷ የፕላሾቭ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ የነበረው አሞን ጎት መሆኑንም ያን ዕለት አወቀች። «አያቴ ቢያገኘኝ ይገድለኝ ነበር» የሚለው ሐሳብ የመጽሐፏ ርዕስ ሆነ። ፕላሾቭ ደግሞ የት ነው? ክራኮቭ፣ የሞሪትዝ ሆል ከተማ።

ለዚህ ነው ልጆቻችሁን «ትልቅ ሰው ዘራችን ውስጥ አለ ወይ?» ብለው እንዲጀምሩ አታድርጓቸው የምለው። ጀግናም ይገኛል፣ ገዳይም ይገኛል፤ የአያት ክብርም ሆነ ወንጀል በደም አይተላለፍም። የሚተላለፈው ዝምታው ነው። እሱን መስበር ደግሞ በእጃችን ነው።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር በእናትም በአባትም ነው የምንቆጥረው። ስም ስንጠራ ግን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን በወንድ ብቻ እንሄዳለን። የጀርመኑ መዝገብም በባል ስም ይሄዳል። በሁለቱም በኩል የምትጠፋው እናት ናት።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ የድሮ ልማዴ ነው አይደል? የእናታችሁን እናት፣ የእሷንም እናት ስም ከነትውልድ መንደራቸው አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የማታውቁ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው። ሌላ ጥሩ መጽሐፍ የምታውቁም ጠቁሙን።

መልካም ንባብ!