ከከበርቴ እስከ ዲያስፖራ

በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ፣ በሱዳን አቆራርጠው ሲያትል የገቡት ኢትዮጵያውያን ሻንጣቸው ቀላል ነበር። ለሀብታም የሚሆን ስም ግን አልቸገራቸውም፤ ዲታ፣ ቱጃር፣ ባለጸጋ፣ ሞጃ፣ ከበርቴ።

ስሞቹ የሚጠሩት አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ቱጃር በንግድ የከበረ ነው። ሞጃ ሲባል ከገንዘቡ በፊት ዘሩ ይታሰባል። ባለጸጋ ስብከት ስብከት ይላል፤ ዲታ ግን የሰፈር ቃል ነው፣ አድናቆትም ቅናትም ይሸከማል።

ዕድለ ቢሱ ከበርቴ ነው። «ሠርቶ ከበረ» የሚባለው ለሙገሳ ሆኖ ሳለ፣ ዘመዱ ከበርቴ በአብዮቱ ክስ ሆነ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ወረሰ። ባላባቱ መሬቱን፣ ባለትርፍ ቤቱም ኪራዩን አጣ። ከበርቴነት ግን ሀብት እንኳ አልጠየቀም፤ ቅያሪ ሱሪ የሌለው ተማሪ ሳይቀር «ንዑስ ከበርቴ» ተብሎ ይወገዝ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ቋንቋውም ተለወጠ። «ባለሀብት» የክብር ስም ሆነ፣ «ልማታዊ» የሚል ቅጽልም ተደረበለት። መንግሥት ያልወደደው ደግሞ «ኪራይ ሰብሳቢ» ተባለ።

ሲያትል በበኩሏ ድንገተኛ ሀብታም የለመደች ከተማ ናት። በ1897 (እ.ኤ.አ.) «ፖርትላንድ» የተባለችው መርከብ የክሎንዳይክን ወርቅ ይዛ ወደቧ ስትደርስ ከተማዋ አበደች። ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ የሄደው የስዊድን ተወላጅ ጆን ኖርድስትሮም 13 ሺህ ዶላር ያህል ይዞ ተመለሰና በ1901 ከካርል ዎሊን ጋር ጫማ ቤት ከፈተ። በ1986 ማይክሮሶፍት አክሲዮኑን በ21 ዶላር ለሕዝብ ሲሸጥ ደግሞ «የማይክሮሶፍት ሚሊየነሮች» የሚባሉ ሠራተኞች ተፈጠሩ።

ከእነዚህ ጎን ታክሲ እየነዳ ሞርጌጅ የሚከፍል ሐበሻ ራሱን ሀብታም አይልም። ሌላው ቢጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አይጎድልብኝም» ነው መልሱ። ሰው ሲያማው ግን «ደልቶታል» ይባላል፣ ቤት ከገዛ ደግሞ በእርግጠኝነት።

አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ከፈቀደ ወዲህ፣ «ዲያስፖራ» በደላላ አፍ የገንዘብ ስም ሆኗል። ከሲያትል-ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲያመላልስ የከረመው ሾፌር ቦሌ ላይ ቤት ልከራይ ሲል፣ ዋጋው ገና ስሙን ሳይናገር ይጨምራል።