ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?

መልሱ በተጓዡ ይወሰናል። በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ያህል ያደርሳል። በመኪና ግን አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ግድ ነውና መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

የመኪና መንገድ ሳይገባ ከሸዋ ጎንደር ለመድረስ በበቅሎ ሳምንታት ይጠይቅ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ቆይቶም ባሕር ዳርና ጎንደር የበረራው መስመር ላይ ገቡ። የሳምንታት መንገድ የሰዓት ሆነ።

ሆነ እንጂ ለሁሉም አልሆነም። የደራዋ አንበሳሜ ለባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ናት። ነገር ግን ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተጻፈለት የአንበሳሜ ገበሬ የቲኬት መግዣ ከሌለው፣ አውሮፕላኑ በላዩ እያለፈ እሱ በአውቶቡስ ኬላ በኬላ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚደረገው በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ራቀ።

ርቀትን የሚያሳጥረው ሞተር ብቻ አይደለም። ሰላም ያለው የመኪና መንገድ ለብዙኃኑ ከአውሮፕላን ይፈጥናል።