«ይሄ እኮ የአይጥ መርዝ ነው!»

አብነት ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ አንዲት እናት ስለሚወስዱት «የደም ማቅጠኛ» ኪኒን ወሬ ከተነሳ ይህ ቃል ከአንዱ አፍ መውጣቱ አይቀርም። ኪኒኑ ዋርፋሪን ይባላል። ጎረቤት አልዋሸም። ችግሩ ታሪኩን ግማሽ ድረስ ብቻ መስማቱ ነው። በዚያ ግማሽ ታሪክ ፈርተው መድኃኒቱን ያቆሙ እናት ግን በስትሮክ ሊወድቁ ይችላሉ።

ሙሉው ታሪክ የሚጀምረው ከከብት በረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በካናዳና በአሜሪካ ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ጀመር። ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደሙ አልቆም ይላል። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ጥፋቱን ከሻገተ ድርቆሽ ላይ አገኘው። ስዊት ክሎቨር የሚባለው መኖ ሲሻግት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይፈጠርበታል።

በ1933 ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ ያልረጋ ደም የያዘ የወተት ዕቃና የሻገተ ድርቆሽ በመኪናው ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ከኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክ ላቦራቶሪ ደረሰ። ሊንክ ለገበሬው የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ ግን የእሱ ቡድን ከድርቆሹ ውስጥ ደም የሚያስፈስሰውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። የዚህ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ለገበያ ሲቀርብ የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው።

በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ሕመም ሲያጋጥማቸው የታከሙበት አንዱ መድኃኒት ይኸው ነበር።

ታዲያ መርዙ እንዴት መድኃኒት ሆነ? በልኬት። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፤ ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዘገያል። «ማቅጠኛ» ቢባልም ደሙን ውኃ አያደርገውም፣ የረጋውንም አያሟሟም። የረጋው እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ይከላከላል፣ ማጽዳቱን ሰውነት ራሱ ይሠራል። ምን ያህል እንደሠራ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 ውጤቱ በየአገሩ በአንድ ቋንቋ እንዲነበብ አይ.ኤን.አር የተባለውን መለኪያ አጸደቀ። ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ግቡ ከ2 እስከ 3 ነው። ከዚያ ሲወርድ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ሲያልፍ ደግሞ መድማት ይመጣል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ነው።

ለአረጋውያን ግን ሐኪሞችም ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ ፈሩ። «በዚህ ዕድሜ ይደማሉ፣ አስፕሪን ይበቃቸዋል» ይባል ነበር። በ2007 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህን ፈተነው። የልብ ምት መዛባት ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ 973 ሰዎች ገሚሶቹ ዋርፋሪን፣ ገሚሶቹ አስፕሪን ወሰዱ። ከባድ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ውስጥ መድማት ወይም መሰል አደጋ አስፕሪን ከወሰዱት 48 ጊዜ፣ ዋርፋሪን ከወሰዱት 24 ጊዜ ደረሰ። ዋርፋሪን የወሰዱት ይበልጥ ይደማሉ የተባለው ፍርሃትም በጥናቱ አልታየም። ዕድሜ ራሱ የስትሮክን አደጋ ስለሚጨምር፣ ከመድኃኒቱ የበለጠ የሚጠቀሙት አዛውንቶቹ ናቸው።

ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ደማቸው በየጊዜው ይለካ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ለምርመራ በታክሲ ተጋፍቶ መሄድ፣ ወረፋ መጠበቅና መክፈል አለ፤ አዛውንቷን ይዞ የሚሄድ ልጅ ከሥራ ይቀራል። አንድ ቀጠሮ ይታለፋል፣ ከዚያ ሁለት።

ማዕዱም አለ። ጎመን በቫይታሚን ኬ የታወቀ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን፣ ሲፈታ ደግሞ ሥጋና ቅቤ ከሆነ፣ ያው መጠን ኪኒን በጾም ሊያንስ፣ በፍስክ ሊበዛ ይችላል። ጎመን አይከለከልም። የሚፈለገው ልኩ እንዳይዋዥቅ ነው፣ ጾም ሲገባና ሲወጣም ሐኪሙ ይወቅ። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን ግን ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ሆድ ውስጥ ሊያደማ ይችላል። የጥቁር ሰገራ ወይም ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ለነገ የሚባል አይደለም።

ከዋርፋሪን በኋላ የመጡት እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉት መድኃኒቶች የአይ.ኤን.አር ክትትል አይፈልጉም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ሆኖም የኩላሊት ምርመራ ይጠይቃሉ፣ የብረት የልብ ቫልቭ ለተገጠመለት አይሆኑም፣ ዋጋቸውም ለጡረተኛ ይከብዳል። ስለዚህ ለብዙ ቤት መልሱ አሁንም ያው የከብት በረቱ ልጅ ነው።

ዋርፋሪንን ከመርዝነት ያወጣው ምርመራው ነው። ኪኒኑን እየሰጡ ምርመራውን ሩቅና ውድ ማድረግ የታሪኩን ግማሽ ብቻ መስጠት ነው። ልኬቱ በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ አዛውንት በእግራቸው በሚደርሱበት ቦታ ሊኖር ይገባል።

እስከዚያው አብነት ላይ ቡና ሲፈላ ያ ቃል እንደገና ከተነሳ፣ ለእናቲቱ የሚጠቅማቸው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እማማ፣ ደምዎን ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው?»