ዳርት፣ ቫሊያንት እና ኦሪጅናል ዕቃ፦ የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች እድሳት በቤርሼቫ አካባቢ

በቤርሼቫ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው የራሞት ሰፈር መገንባት የጀመረው በ1990ዎቹ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በእስራኤል መንገዶች ላይ ስም ካተረፉት የአሜሪካ መኪኖች መካከል የሚቆጠሩት ዶጅ ዳርትና ፕሊመዝ ቫሊያንት ግን በአገራቸው መመረታቸው ያበቃው ቀደም ብሎ በ1976 ነበር። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ሕንፃዎች ሥር ሸራ ለብሶ የሚቆም አንድ ዳርት ቢኖር ከሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ምናልባትም ብዙ እጅ የተለዋወጠ መኪና ነው፤ የእድሳቱ ሥራም የሚከብደው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ባለቤት የቻለውን ዕቃ ገጥሞ፣ የማይመቸውን ነቅሎ ያለፈበት መኪና የመጀመሪያ መልኩን በግልጽ አያሳይም።

የአሜሪካ መኪና በእስራኤል የቆየ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሃይፋ የተቋቋመው የካይዘር ፍሬዘር ፋብሪካ ከአሜሪካ በሚላኩ ክፍሎች መኪና ይገጣጥም የነበረ ሲሆን፣ በኋላም ስቱድቤከር ላርክ የተባለው መኪና በዚያው ከተማ ተገጣጥሟል። ከከተማ ወደ ከተማ ሰባት መንገደኞችን የሚያደርሱት ሼሩት የተባሉት ታክሲዎች ለረጅም ጊዜ እንደ ዴሶቶ ያሉ ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች ነበሩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደግሞ ዳርትና ቫሊያንት የከፍተኛ መኮንኖችና የመንግሥት ሹማምንት መኪና ሆኑ፤ በግል መኪና ላይ የተጣለው ቀረጥ ከባድ ስለነበረ ተራው ሰው ትንሽ የአውሮፓ መኪና ወይም በአገር ውስጥ የተሠራችውን የፋይበር አካል ያላት ሱሲታ ሲነዳ፣ ባለ አራት በሩ ቫሊያንት ከሩቅ የሥልጣን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር።

እነዚህን ሰላማዊ የቢሮ መኪኖች ከማስል ካር ጋር የሚያዛምዳቸው ሻንሲያቸው ነው። ማስል ካር የሚባለው፣ በመጠኑ መካከለኛ ወይም ትንሽ የሆነ፣ ለወጣት ገዢ በሚቀመስ ዋጋ የሚሸጥ፣ ነገር ግን ለትልቅ መኪና የተሠራ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተጫነበት የአሜሪካ መኪና ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመኑን መነሻ በ1964 ከወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ ጋር ያያይዙታል፤ ኩባንያው ቴምፔስት በተባለው መካከለኛ መኪናው ውስጥ የ6.4 ሊትር ሞተር በመክተት የእናት ኩባንያውን የጄኔራል ሞተርስን የውስጥ የሞተር መጠን ገደብ አልፏል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን ፕሊመዝ ባራኩዳ፣ ከ16 ቀን በኋላም ፎርድ ሙስታንግ ለገበያ ቀረቡ። ባራኩዳ የተሠራው በቫሊያንቱ ሻንሲ ላይ ነበር፤ በ1970 የወጣው ደስተር 340 ደግሞ 5.6 ሊትር ሞተር የተጫነበት የቫሊያንት ዝርያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በቤርሼቫ መንገድ ላይ ሹም የሚያመላልሰው ባለ 3.7 ሊትሩ፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ያጋደሉት ስላንት ሲክስ ሞተር የተገጠመለት ቫሊያንትና በዲትሮይት ጎዳናዎች የሚሽቀዳደመው ደስተር የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

የዚህ ቤተሰብ ፍጻሜ ከእስራኤል ታሪክ ጋር መገጣጠሙ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግና እየናረ የሄደው የኢንሹራንስ ክፍያ ትልልቆቹን ሞተሮች አስቀድመው አዳክመዋቸው ነበር፤ በጥቅምት 1973 የተነሣው የዮም ኪፑር ጦርነት ያስከተለው የነዳጅ ማዕቀብ ደግሞ ቤንዚን የሚጎርፍበትን ሞተር የሚፈልግ ገዢ አሳጣቸው። በእስራኤልም በዚያው ወቅት እያንዳንዱ ባለ መኪና በሳምንት አንድ ቀን እንዳይነዳ ተደንግጎ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ዕቃን የሚመለከት ነው። ጥገና መኪናው እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እያፈላለገ ቮልስን ለአሥርተ ዓመታት በመንገድ ላይ ያቆየው የአዲስ አበባ መካኒክ በዚህ ሙያ ማንም የማይንቀው ጌታ ነው። እድሳት ግን መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን ሁኔታ መመለስ ሲሆን፣ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ትክክለኛ ዕቃ አይደለም። ዶጅንና ፕሊመዝን ያመርት የነበረው የክራይስለር ኩባንያ መኪኖች ይህን በቁጥር ያረጋግጣሉ። ከ1968 ጀምሮ በመስታወቱ በኩል በዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው የሻንሲ ቁጥር 13 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፊደል የመኪናውን ስም፣ ሦስተኛውና አራተኛው የአካሉን ዓይነት (23 ባለ ሁለት በር፣ 41 ባለ አራት በር)፣ አምስተኛው ሞተሩን፣ ስድስተኛው ዓመቱን፣ ሰባተኛው ፋብሪካውን ይነግራሉ። በ1970 መኪና ላይ አምስተኛው ፊደል ሲ ከሆነ መኪናው የተወለደው በ3.7 ሊትሩ ስላንት ሲክስ ነው፤ ኤች ከሆነ በ5.6 ሊትሩ 340። ኮፋኖው ሲከፈት በግራ ፓራፋንጎ ውስጠኛ ላሜራ ላይ የተበየደ ሳይሆን በቪቴ የታሰረ ትንሽ ብረት የቀለሙንና የተጨማሪ ዕቃዎቹን ኮድ ይዟል፤ የፋብሪካው ሠራተኞች የሚመሩበት ወረቀትም አንዳንድ ጊዜ በኋላ ወንበር ሥፕሪንግ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል። በሞተሩ ብረት ላይ የሚታየው የቀለጠበት ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን ቢዘገይ ሞተሩ የዚያ መኪና አለመሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ይህን ማንበብ የማይችል ገዢ፣ ቫሊያንት ላይ 340 ሞተር አስገጥሞ ደስተር ብሎ የሚሸጥለትን ሰው ያምናል። ሞተር መቀየር በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ የተቀየረውን እንዳልተቀየረ አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ቤርሼቫ የምትገኝበት የኔጌቭ በረሃ አየር በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኘው የቤርሼቫ ደረቅ አየር ላሜራን ከዝገት በደንብ ይጠብቃል፤ በክረምት ጨው በሚነሰነስበት ሚሺጋን የቆየ መኪና ወለሉ በዝገት ሲበላ፣ የደቡብ እስራኤል መኪና ግን ሻንሲው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ ፀሐዩ ዳሽቦርዱን ይሰነጥቃል፣ የመስታወት ላስቲኮችን ያደርቃል፣ የወንበሩን ቪኒል ያቃጥላል፤ አቧራውም የካርቦራተሩን ማጣሪያ በፍጥነት ይደፍናል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በእድሳት ጊዜ ወጪው የሚበዛው ከብረቱ ይልቅ በላስቲኩና በጨርቁ ነው።

ትክክለኛነት ግን በድፍረት ሊታለፍ የሚገባው ቦታም አለ። የዚያ ዘመን ሞተሮች ቫልቮች የሚያርፉባቸው ቀለበቶች እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን የተሠሩ ስለሆኑ፣ ዛሬ በሚሸጠው ቤንዚን ሲነዱ እንዳያልቁ በጠንካራ ብረት ይተካሉ፤ ካምሻፍቱም ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል። እንደዚሁ መካኒክ ማወቅ ካለበት የክራይስለር ልማድ አንዱ፣ እስከ 1970 ድረስ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች ጥርሳቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ መሆኑ ነው፤ ይህን ሳያውቅ እንደ ተለመደው ለመፍታት የሚታገል ሰው ብሎኑን ይሰብራል፣ የተሰበረውንም በተራ ብሎን ሲተካ መኪናው አንድ ምልክቱን ያጣል። የፊት ባልስትራን ተክተው የሚሠሩት የሚጠመዘዙ ዘንጎችም የቀኙ በግራ አይገጠሙም።

የእስራኤል ሕግ 30 ዓመት የሞላውንና በመጀመሪያ ሁኔታው የተጠበቀውን መኪና በሰብሳቢ መኪና መዝገብ ያስገባዋል፤ በዚህም ባለቤቱ ቀለል ያለ ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል ሲሆን፣ በምላሹ መንዳት በማይፈቀድበት ሰዓት ማቆም ይኖርበታል። ይህ መዝገብ ለኦሪጅናል ዕቃ ዋጋ ሰጥቶታል፤ ይሁን እንጂ መኪናው ላይ የቀረውን ማስረጃ የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። በራሞትም ሆነ በከተማዋ ጋራዦች አሮጌ ዳርት ወይም ቫሊያንት ያለው ሰው ላሜራ ቆራጩንና ቀለም ቀቢውን ከመጥራቱ በፊት የሻንሲውን ቁጥር፣ የፓራፋንጎውን ብረትና የሞተሩን ቀን ፎቶ አንሥቶ ይያዝ፤ ስላንት ሲክሱን ቢያወርደውም ለብረት ሻጭ አይስጠው፣ ከመኪናው ጋር ያስቀምጠው።