ኖራ የሚያውቁ እጆች፦ ከሚልዋኪ ጎዳና እስከ ፋሲል ግቢ

በ1961 መገባደጃ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ የነበረው ሜትሮፖሊታን የተባለ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ መፍረስ ጀመረ። በ1890 የተሠራ ነበር። ውጪው አረንጓዴ ጥቁር ድንጋይና ቀይ አሸዋ ድንጋይ፣ ውስጡ ደግሞ ከምድር እስከ ጣሪያ ክፍት ነበር። በየፎቁ የሚዞሩት መተላለፊያዎች ወለላቸው መስታወት፣ አጥራቸው በጥበብ የተሠራ ብረት ስለነበር ከላይ የሚገባው ብርሃን እስከ ታች ይወርድ ነበር። ባለንብረቱ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ፤ አልሆነለትም። የከተማው የቤቶችና የመልሶ ማልማት ባለሥልጣን ጌትዌይ በሚባለው ሰፈር ወደ 200 የሚጠጉ ሕንፃዎችን ሲያፈርስ ሜትሮፖሊታንም አብሮ ሄደ። ለአፍራሾቹ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሰፈሩ አርጅቷል፣ የሰካራሞችና የሥራ አጦች መዋያ ሆኗል፣ ከተማው አዲስ ገጽታ ያስፈልገዋል። ከፈረሰው ቦታ ብዙው ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆየ።

ይህን ታሪክ የማነሳው አሜሪካም እንደኛ ታፈርሳለች ብሎ ለመጽናናት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ስለሚያስተምር ነው። የሚኒያፖሊስ ሰው ቤቱን ካጣ በኋላ ሁለት ነገር ሊያገኝ ፈለገ። አንደኛው ሕግ ነው፤ እርሱ በአንጻራዊነት ቶሎ መጣ። በ1966 የአሜሪካ ምክር ቤት የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ሕግን አጸደቀ፤ ሚኒያፖሊስም በ1972 የራሷን የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን አቋቋመች። ሁለተኛው ግን በአዋጅ የማይመጣ ነበር። ቤቱን በእጁ የሚጠግን፣ የድሮውን ግንበኛና የድሮውን አናጺ ሥራ የሚያውቅ ሰው።

ሕጉና እጁ የተገናኙበት ቦታ አንድ ትንሽ መንገድ ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ከሚኖሩበት ከሲዳር ሪቨርሳይድ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሚልዋኪ ጎዳና አለ። ርዝመቱ ሁለት ብሎክ ብቻ ነው። በ1880ዎቹ ዊልያም ሬገን የተባለ የመሬት ነጋዴ ለአንድ መደበኛ ጎዳና እንኳን በማትበቃ ጠባብ ቦታ ላይ ትንንሽ ቤቶችን አጠጋግቶ ሠራ። ገቢዎቹ በአብዛኛው ከስካንዲኔቪያ የመጡ ስደተኞች፣ በባቡር ግቢና በወፍጮዎች የሚሠሩ ወዛደሮች ነበሩ። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ፊታቸው ግን ጡብ ለብሷል፤ ከደጃቸው የተጠረበ እንጨት ያጌጣት በረንዳ አለች። የድሃ ቤት ነው፤ ግን የሠራው ሰው ሳያሳምር አልተወውም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያው የመልሶ ማልማት ባለሥልጣን ሰፈሩን ሊያፈርስ አቀደ። በዚህ ጊዜ ነዋሪው ተደራጀ። ወጣት ባለሙያዎችና ሠራተኞች ተሰብስበው ቤቶቹን ለኩ፣ ሣሉ፣ ታሪካቸውን ጻፉ፤ በ1974 መንገዱ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። መኪና ተከለከለ፣ መንገዱ የእግረኛ ሆነ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ታደሱ። ከመጠን በላይ የተጎዱት ግን ሊድኑ ስላልቻሉ ፈርሰው በአሮጌው መልክ እንደ አዲስ ተሠሩ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ይህ ለአንዳንዱ ስኬት ነው፤ ለአንዳንዱ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፦ ወረቀቱ መፍረሱን አስቆመ እንጂ ግድግዳውን አላቆመም። ግድግዳውን ያቆመው ሥራ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል? ጡብ እንውሰድ። ከ19ኛው መቶ ዘመን የቀሩት የሚኒሶታ ቤቶች ብዙዎቹ የተገነቡት በኖራና በአሸዋ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ጡቡ ውስጥ የገባውን እርጥበትም በራሱ በኩል እየተነፈሰ ያወጣዋል። ከጊዜ በኋላ የተቦረቦረውን መጋጠሚያ የሚጠግን ሰው፣ «ጠንካራ ይሻላል» ብሎ በሲሚንቶ ከሞላው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሲሚንቶው ከጡቡ ይልቅ ይጠነክራል። እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል መውጣት ሲያቅተው በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት አገር፣ ውሃው ጡቡ ውስጥ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ የጡቡ ፊትም እንደ ቅርፊት ይላጣል። ጥገናው ቤቱን ገደለው ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ሙያ ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው መሙላትን ሳይሆን ማውጣትን ነው። አሮጌው ማያያዣ በመሮና በመዶሻ፣ የጡቡ ጠርዝ ሳይነካ፣ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጥልቀት እስኪገኝ ይወጣል። በኤሌክትሪክ መቁረጫ ቢደረግ ይፈጥናል፤ ግን አንዴ እጅ ከሳተ የጡቡ ጠርዝ አይመለስም። ከዚያ ግድግዳው ይረጥባል፤ አዲሱ የኖራ ቅልቅል በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስስ በስሱ፣ እየተጠቀጠቀ ይገባል። ኖራ ከአየር ጋር እየተገናኘ በቀስታ ስለሚጠነክር ፀሐይና ነፋስ ቶሎ እንዳያደርቁት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ውርጭ ከመጣ ሥራው ይቆማል። መመሪያው ረጅም አይደለም፦ አዲሱ ማያያዣ ከጡቡ መለስለስ አለበት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ደቂቃ አይፈጅም፤ እጅ እንዲያውቀው ግን ወቅቶች ይፈጃል።

መስኮትም እንዲሁ ነው። በመንትዮቹ ከተሞች ያሉ አሮጌ ቤቶች መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት፣ በግድግዳው ውስጥ በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ ብረት ክብደቱን የሚሸከምለት ነው። እንጨቱ ቀስ ብሎ ካደገ የድሮ ጫካ ጥድ የተሰነጠቀ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዛሬ በገበያ እንዲህ ያለ ጥድ ማግኘት ይከብዳል። የፕላስቲክ መስኮት ሻጭ «ይጣል» ይላል። ሙያውን የተማረ ሰው ደግሞ ገመዱን ይቀይራል፣ የደረቀውን ስቱኮ በሙቀት አለስልሶ ያነሳል፣ መስታወቱን አውጥቶ መልሶ ያስቀምጣል፣ የበሰበሰችውን ጥግ ብቻ ቆርጦ በእንጨት ይተካል፣ ከውጭም ተጨማሪ የክረምት መስኮት ይገጥማል። ግን ጥንቃቄ አለው፦ ከ1978 በፊት የተቀባ ቤት የእርሳስ ቀለም ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይመርዛል። ስለዚህ ከ2010 ጀምሮ በክፍያ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው የፌዴራሉን የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት።

ይህ ዕውቀት እንዳይጠፋ ሁለት መንገድ ተከፈተ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከ1975 ጀምሮ አጫጭር መመሪያዎችን ያትማል፤ ሁለተኛው ስለ መጋጠሚያ፣ ዘጠነኛው ስለ እንጨት መስኮት ነው፤ ማንም ሰው በነፃ ያነባቸዋል። በሚኒሶታ ደግሞ በ1981 የተመሠረተውና ዛሬ ሬቶስ የሚባለው ድርጅት ለተራ የቤት ባለቤቶችና ለሙያተኞች መስኮት፣ ልስንና ግንብ መጠገንን በእጅ እያስነካ ያስተምራል። ዕውቀቱ ከመጽሐፍ ብቻ አይተላለፍም፤ አንድ ሰው አጠገብህ ቆሞ «እዚህ ጋ ቀለል አድርግ» ማለት አለበት። አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። የእኛ ግንበኛም ሆነ አናጺ ትምህርቱን ያገኘው ለጌታው ድንጋይ እያቀበለ፣ ጭቃ እያቦካ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥላ መርሳት አይገባም። ሚልዋኪ ጎዳና ከመዳኑ በፊት፣ በሴንት ፖል የጥቁሮች መኖሪያ የነበረው ሮንዶ በ94ኛው አውራ ጎዳና ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ። ከንቲባው በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2015 ነው። ለእነዚያ ቤቶች መዝገብም ጠጋኝም አልደረሰላቸውም። ሙያ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም፤ የማን ቤት «ታሪክ» ይባላል የሚለው ጥያቄ ከመሮው በፊት ይመጣል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። የኖራና የሲሚንቶው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎንደርን በ1636 የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ያቆሙት በድንጋይና በኖራ ነው፤ ጸሐፊዎች የኖራ ግንባታ ወደ አገሪቱ መግባቱን ከአባታቸው ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመንና ከህንድ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ያያይዙታል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጣሊያኖች ግቢውን ሲይዙት በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠገኑት። ያኔ ዘመናዊ ነበር፤ ጠንካራም ይመስል ነበር። ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግን ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ያንን ጥገና መጠገን ሆነ፤ ከጊዜ በኋላ በተሠሩት ሥራዎች ሲሚንቶው እየወጣ ኖራ ተመለሰ። የሚኒያፖሊስ ጡብ የተማረውን የጎንደር ድንጋይም ተምሮታል።

ላሊበላም ተመሳሳይ መከራ አይቷል። በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ውሃ እንዳይገባ ታስቦ ነበር፤ አለቱን ግን መተንፈስ ከለከለው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በሚባለው ድርጅት ሥር ሲሠራ ያንን ማንሳት አስፈልጎታል። በቅርብ ዓመታት በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በተሠራው ጥገና ደግሞ ያው ድርጅት የአካባቢውን ሰዎች አሠልጥኗል። ለእኔ ከጥገናው ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። ስንጥቁ ከዓመታት በኋላ መልሶ ይከፈታል፤ ያኔ ከውጭ አገር አውሮፕላን ሳይጠበቅ የሚያውቀው ሰው እዚያው ላስታ ውስጥ መኖር አለበት።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናት። በ2024 የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ በአገር ቤትም በውጭም ያለው ሰው ክርክር ገጠመ። አንዱ ወገን ልማት ነው፣ ሰው በእነዚያ ያዘነበሉ ቤቶች ውስጥ በክብር አይኖርም አለ፤ ሌላው ትዝታችን ተናደ ብሎ አለቀሰ። ሁለቱም ያላነሱት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ቤቱ ይቆይ ቢባል ኖሮ ማን ይጠግነው ነበር? የድሮው የአዲስ አበባ ቤት የእንጨት ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ ከላዩ ልስን፣ ከፊቱ የተቀረጸ የእንጨት በረንዳ ነው። ከሥሩ ውሃ እንዳይነካው የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ዝናብ እንዳይመታው ሰፊ የቆርቆሮ ክፈፍ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያበጅ ካልተደፈነ፣ ልስኑ ሲነሳ ካልተመረገ፣ በጥቂት ክረምት ቋሚው ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ቤት «አርጅቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ ያረጀው ቤቱ ሳይሆን ጥገናው ነው፤ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ለማደስ መብትም ገንዘብም የለውም፣ ባለቤት የሆነው ደግሞ ዝናቡን አያይም።

በሲሚንቶ የሚለጠፍ ጭቃ ቤትም ሁላችንም እናውቃለን። ለጥቂት ጊዜ ያምራል፤ ከዚያ ልስኑ እንደ ሳንቃ ተነጥሎ ይወድቃል፤ ከጀርባው ጭቃው ረጥቦ ይገኛል። ሲሚንቶው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለስላሳ ቤት ለስላሳ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ይህን የሚያውቅ የምርግ ባለሙያ በየሰፈሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ሙያው የድሃ ሥራ ተብሎ ስለተናቀ ልጁ አልወረሰውም።

እንግዲህ በሚኒሶታ የሚኖር አበሻ ከዚህ ምን ያገኛል? ብዙዎቻችን የምንኖረው ሌላ ስደተኛ በሠራው ቤት ውስጥ ነው። የኖርዌዩ ወዛደር የሰቀለውን መስኮት ዛሬ የጎጃም ወይም የወለጋ ሰው ይከፍታል። ያን መስኮት ለመጠገን መማር አገሩን መርሳት አይደለም። በተቃራኒው፣ ኖራ በቀስታ እንደሚደርቅ፣ ማያያዣው ከድንጋዩ መለስለስ እንዳለበት፣ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ ደህናው መቆየት እንዳለበት የተማረ እጅ በሴንት ፖልም በጎንደርም ያው እጅ ነው። ለአገር ቤት ገንዘብ እንልካለን፤ ፎቅ እናሠራለን። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ ሽማግሌ ግንበኛና ለሁለት ወጣት ተማሪዎች የአንድ ክረምት ቀለብ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ የአያት ቤት ግድግዳ ይድናል፤ የሚያድነውም ሰው ይፈጠራል።

ሜትሮፖሊታን አልተመለሰም። ድንጋዩ ተሸጧል፣ የመስታወቱ ወለል ተሰብሯል። የከተማው ሰው ግን ከዚያ በኋላ ቁጭቱን ወደ ሥራ ለወጠው። የፒያሳም ቁጭት ትኩስ ነው። የሚቀረን ጥያቄ ቀሪዎቹ ቤቶች ሳይወድቁ በፊት ምርጉን የሚያውቁት አዛውንቶች ምን ያህል ጊዜ አላቸው የሚለው ነው።