ኮሶ፦ ብቸኛው ሃጌኒያ
የተፍኪ ሜዳ የኮሶ አገር አይደለም፤ ዛፉ ደጋ ይወዳል። የሚሻው ሰው ከሰበታ በላይ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን መውጣት አለበት።

ሃጌኒያ የሚባለው ወገን በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያለው ዝርያ ይኸው የእኛው ኮሶ ብቻ ነው። ስሙ የጀርመናዊው ሊቅ የካርል ጎትፍሪድ ሃገን መታሰቢያ ነው። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ወንዴና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ያብባሉ። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተራሮች አድርጎ እስከ ማላዊ ይዘልቃል።

የኮሶ ትልን የሚያስወጣው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። መጠኑ ከበዛ ግን ዓይን ይጎዳል። ክኒን ከመጣ ወዲህ ኮሶ የሚጠጣው ሰው አነሰ፤ እንጨቱ ግን ለቤት ዕቃ መፈለጉ አልቀረም።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. ተተካ፤ የተካውም በ2010 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በእኔ እምነት ክልከላ ብቻውን ዛፍ አያበቅልም። ገበሬው በማሳው ያሳደገው ኮሶ የራሱ ሀብት መሆኑ በተግባር ከተረጋገጠለት፣ ችግኙን ሳይታዘዝ ይተክላል።