ስንት ሰው ገባ? ወይስ ስንቱ ገዛ?

ብዙ ድርጅቶች ድረ ገጽ ካሠሩ በኋላ በቅድሚያ የሚጠይቁት «ስንት ሰው ገባ?» ብለው ነው። ለንግድ ውሳኔ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን «ከገቡት ውስጥ ስንቱ ገዛ፣ ደወለ ወይም ተመዘገበ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የሚቆጠረውን መለየት ያስፈልጋል። «ሂት» ማለት ከሰርቨሩ የተጠየቀ እያንዳንዱ ፋይል ነው። ዘጠኝ ፎቶግራፎች ያሉበትን አንድ ገጽ አንድ ሰው ሲከፍት ቢያንስ 10 ሂት ይመዘገባል። ስለዚህ «በወር 100,000 ሂት አለን» የሚል ሪፖርት ስለ ደንበኛ ብዛት የሚነግረን ነገር የለም። የጉብኝቶችና የጎብኚዎች ቁጥር ከዚህ ይሻላል። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በቢሮ ኮምፒውተርና በሞባይል ስልኩ የገባ ሰው እንደ ሁለት፣ በአንድ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር የተጠቀሙ ብዙ ሰዎች ደግሞ እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ በዚያው ዓመት ጉግል አናሊቲክስን በነጻ ካቀረበ ወዲህ ይህን መረጃ ማግኘት ለአነስተኛ ድርጅቶችም አልከበደም። የሚከብደው አጠቃቀሙ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ሆቴል ድረ ገጽ በወር 2,000 ጎብኚዎች ኖረውት ክፍል የያዙት 20 ብቻ ቢሆኑ ውጤቱ 1 በመቶ ነው። ለተጨማሪ ማስታወቂያ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሰዎቹ ከየትኛው ገጽ ላይ እንደሚወጡ ማየት ይገባል። ብዙዎቹ ክፍያ ላይ ደርሰው የሚተዉ ከሆነ መስተካከል ያለበት የአከፋፈሉ መንገድ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ወደ 2 በመቶ ቢያድግ ያለ አንድ ተጨማሪ ጎብኚ የእንግዶቹ ቁጥር 40 ይሆናል።

ግምትን በመረጃ መፈተንም ዋጋ አለው። ለ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ የባራክ ኦባማ የቅስቀሳ ቡድን የመመዝገቢያ ገጹን በ24 ዓይነት አቀራረብ አዘጋጅቶ ለተለያዩ ጎብኚዎች አሳይቶ ነበር። የቡድኑ አባላት ቪዲዮ ያሸንፋል ብለው ቢጠብቁም ያሸነፈው የቤተሰብ ፎቶግራፍና «ተጨማሪ ይወቁ» የሚል ቁልፍ ያለበት ገጽ ሆነ። የተመዝጋቢዎች ድርሻም ከ8.26 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ ከፍ አለ።

ሆኖም ቁጥሩ የሆነውን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የጥቂት ቀናት ወይም የጥቂት ሰዎች መረጃም ያሳስታል። ስለዚህ አንድ ግብ መምረጥ፣ በየወሩ መመዝገብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ምክንያቱን ደግሞ ደንበኛውን ራሱን መጠየቅ ይበጃል።